ብርድ ያማረው ወይን

ዱብቲ ላይ የጥጥ እርሻው በተስፋፋበት ዘመን ነው። ከሎጊያ ወደ ደሴ በሚሄደው አውቶብስ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ነጋዴ፣ አጠገባቸው ያለች ሴት በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ያቀፈችውን አይተው ጠየቋት።

«ሕፃን ነው?»

«የወይን ቅርንጫፍ ነው፣ አባባ። እርሻው ላይ ወጥ የምሠራለት ፈረንጅ ሰጥቶኝ ነው።»

«ወይን በዚህ ሐሩር?»

«መች አፈራና! ባገሩ ወይን ጠጅ የሚጥሉት ከባሕር አጠገብ ከሚበቅለው ነው አሉ።»

«ባሕርማ አሰብም አለ። ወላሂ፣ እሳት ነው!»

«የሱ ባሕር ብርድ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከውሃው ተነሥቶ ወይኑን ያለብሰዋል። ወይን በብርድ ካልተኛ አያፈራም ይላል።»

«ታዲያ እዚህ በምን ይተኛል?»

«ከአሰብ ዓሣ የሚያመጣው መኪና በረዶውን ሲያራግፍ፣ ፈረንጁ እየለመነ ሥሩ ላይ ያፈስስለት ነበር። ክረምት ገባ ብሎ ሊያታልለው።»

«ተታለለ?»

«ቅጠል ብቻ። የደሴውን የጦሳ ተራራ ብርድ ባወራሁለት ጊዜ ይችን ቆርጦ ሰጠኝ። ‹ካፈራ ጠጁን ጣይና ቅመሺልኝ› አለ።»

«እሱስ አገሩ አይገባም?»

«አባቱ ሞቱ። የአባቱንም ወይን ሌሎች ሰዎች ነቅለው ቤት ሠሩበት።»

ሽማግሌው የውሃ ዕቃቸውን አወጡ።

«ጠጁ ለኔ ሐራም ነው፤ ወይኑ ግን ሐላል ነው። በይ ዝቅ አድርጊው ልጄ፣ ጆንያው ደርቋል።»

ለመንገድ የያዙትን ውሃ አፈሰሱበት፤ ባቲ ገና ሩቅ ነበር።

እኔም ኮዳዬን ከፍቼ በትከሻቸው በኩል አቀበልኳቸው።