ገነት የደበቀችኝ ፎርም

እስቲ ፍረዱኝ። እሁድ ከቸርች ስንወጣ ጓደኛዬ ገነት ፓርኪንጉ ላይ እልል እያለች አቀፈችኝ። ልጇ ሞንትሪያል ሄዳ ዲዛይን ልትማር ነው፤ እንደኛ ከሌላ የካናዳ ፕሮቪንስ በሚመጡ ተማሪዎች ላይ የሚጨመረውን ክፍያ ዩኒቨርሲቲው አንስቶላታል። የኔም ልጅ እኮ እዚያው፣ ያንኑ ዲዛይን ልትማር ነው የምትሄደው!

"ክፍያውን ለማስነሳት ፎርም ነበረው እንዴ?" አልኳት።

"አዎ፣ አሁን ግን ተዘግቷል።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ውይ፣ ፕሮሰሱ ሳያልቅ አይወራም ብዬ እንጂ በክፋት አይደለም።"

ደሜ ፈላ። ባለፈው ወር "አንድ ጉዳይ አለኝ፤ ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ብቻ ጸልዪልኝ" ብላኝ ነበር። የሥራ ሺፍት እየገባሁ ሦስት ቀን ሙሉ ጾምኩላት። ለካ ከልጄ ለደበቀችው ፎርም ነው ያስጸለየችኝ!