ወንድሜ ያቺን ዘፈን አይወዳትም ነበር

ወንድምጋሼ፣ እባክህ እንዳትስቅ። ዛሬም ያቺኑ ዘፈን ከፍተው ነው የተቀበሉኝ። ፎቶህን መድረኩ ላይ አቁመውታል፤ ከሥሩም «በሚወዳት ዘፈን እንሸኘዋለን» ብለው ጽፈዋል። ብታየው «ኧረ ገላግሉኝ!» ትል ነበር። ግድ የለህም፣ እኔ እነግራቸዋለሁ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን የሲኒማ ቤታችን ሠራተኞች፤ ይህን ዝግጅት ለሁለታችን ስላሰናዳችሁ አመሰግናለሁ። አንዱ ባለፈው ወር በድንገት የተለየን ፊልም አጫዋቹ ወንድሜ ነው። ሌላው እኔ ነኝ፣ ቅዳሜና እሁድ በር ላይ ትኬት ስቀድ የከረምኩት። ከሰኞ ጀምሮ እናታችን ጋ ሆኜ ትምህርቴን እቀጥላለሁ።

ምስጋናዬን ጨረስኩ። አሁን ወደ ዘፈኗ።

መቼም የማያውቃት የለም። እዚህ ከምናሳየው ከዚያ የሙዚቃ ፊልም ወጥታ ከተማውን አጥለቀለቀችው። ታክሲ ውስጥ እሷ፣ ጸጉር ቤት እሷ፣ የፊዚክስ መምህራችን ስልክ ሲጠራ እንኳ እሷ። ፖፕ ናት? ሮክ ናት? እሷም የምታውቀው አይመስለኝም። ፊልሙ ላይ ልጁ በዝናብ እየሮጠ ነው የሚዘፍናት። ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ትንፋሹ ቁርጥ አይልም። ልጅቷ እኮ ያለችው ከመንገዱ ማዶ ነው! አትሻገርም ሰውዬ? ደግሞ ሰማዩን ተሸክሞ እንደሚመጣላት ቃል ይገባላታል። ሰማይ ምን ያደርግላታል? ጃንጥላ ይዞላት ቢመጣ አይሻልም ነበር?

ወንድሜ «ጥርስ ሕመም» ነበር የሚላት። ሰዓቷ ሲደርስ «መጣች እንግዲህ ጥርስ ሕመም!» ይለኝና ጉንጩን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል።

እናንተ ግን ይወዳታል አላችሁ። ቀብሩ ላይ ሳይቀር ስፒከር ተሸክማችሁ መጥታችሁ ከፈታችኋት። እናታችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣

«ልጄ፣ ይሄ የሚጮኸው ሰው ምን ሆኗል?»

«ፍቅር ይዞት ነው እማ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ያስጮኸዋል?»



ትኬት ሻጯ እትዬም በስልኳ የቀረጸችውን ለመጣው ለሄደው ስታሳይ ነው የሰነበተችው። «እዩት እንጂ! ዘፈኗ ስትጀምር እያንጎራጎረ ከላይ ሲወርድ! ጫማውን አውልቆ ሳጥኑን በምት ሲመታ! ዘፈን እንዲህ የሚወድ ሰው በሕይወቴ አላየሁም!»

እትዬ፣ ልንገርሽ። ያ ሳጥን የግራው ስፒከር ነው። ገመዱ ላልቷል፤ ደስ ሲለው ይሠራል፣ ሲያሻው ይተኛል። ያቺ ዘፈን የምትጀምረው በጊታር ነው፣ ጊታሩ ደግሞ የሚወጣው በግራ በኩል ብቻ ነው። ማጫወቻ ክፍሉ ውስጥ የማሽኑ ጩኸት ስላለ፣ የጊታሩ መግቢያ እንዳያመልጠው ትንሿ መስኮት ሥር ቆሞ እሱ ራሱ ያንጎራጉረዋል። ከታች ጊታሩ ከመለሰለት ስፒከሩ ነቅቷል። የገዛ ድምፁን ብቻ ከሰማ ግን ተኝቷል ማለት ነው፤ ደረጃውን እየዘለለ ይወርድና በጫማው ተረከዝ ያቀምሰዋል። ጭፈራው ያ ነው። ለዘፈኗ ያለው ፍቅርም ያው ነው።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እንዲጠገን ስንት ጊዜ ለመነዎት? አንዱን ጊዜ እኔም አጠገቡ ነበርኩ።

«በቀኝ በኩል ይሰማል አይደል እንዴ?» አሉት።

«በግራ የተቀመጡትስ ጌታዬ?»

«አንገታቸውን ያዙራ!»

ዛሬ አበባ አለ፣ ኬክ አለ፣ በትልቁ የተጻፈ ጽሑፍ አለ። ስፒከሩ ግን ያው ነው። ቅድም ስገባ በከፈታችኋት ዘፈን ውስጥ ጊታሩ አልነበረም። ከመካከላችሁ ልብ ያለ አለ? አያችሁ? አንድም እጅ አልወጣም።

ይሄን የምለው ላስቀይማችሁ ነው? ትንሽ፣ አዎ። የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይቺ ዘፈን ነገ ታልፋለች፣ በሷ ቦታ ሌላ ጩኸት ይመጣል። ወንድሜን «ያቺን ዘፈን ይወድ የነበረው ልጅ» ብላችሁ ከያዛችሁት፣ ከሷ ጋር ትረሱታላችሁ። እሱ እኮ የማይወዳትን ዘፈን፣ የማያውቃቸው ሰዎች በሁለት ጆሯቸው እንዲሰሟት ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ነው። በዚህ ያዙልኝ። ከፊልሙ ሯጭ ይልቅ የሮጠው እሱ ነው፤ ያውም ማንም ሳይዘፍንለት።

ስለዚህ ከንግግሬ በኋላ ልትከፍቷት ያዘጋጃችኋትን ዘፈን ተዉልኝ። የግድ ነው ካላችሁ፣ መጀመሪያ ስፒከሩን አስጠግኑ።

እትዬ፣ ተቆጥቼ ስናገር አትዘኚብኝ፤ ቪዲዮውን ግን እንዳታጠፊው። ላኪልኝ። ለሁላችሁም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ወንበሮቻችሁ ከዳር እስከ ዳር ሰው ይሙላባቸው፣ በግራ በኩል ያሉትም ጭምር። ማንም በዝናብ የማይሮጥበት ፊልም ይምጣላችሁ። ወንድም ላላችሁ፣ ወንድማችሁን ያቆይላችሁ።

ከመድረኩ ሳልወርድ አንድ ነገር ብቻ። እናታችን ወደ አገሯ በተመለሰች ማግስት፣ ከወንድሜ ጋር በተከራየናት ክፍል ብቻዬን ያነጋሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ከክፍላችን ሥር ያለው ጸጉር አስተካካይ ቤቱን ከፈተና ያቺኑ ዘፈን ለቀቃት። ተናድጄ ትራሱን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት። እንቅልፍና ንቃት መሃል ሆኜ፣ ሳላስበው ጊታሩን ማንጎራጎር ጀመርኩ። በትራሱ ውስጥ የሚመልስልኝ ጊታር አልተሰማኝም። ብድግ ብዬ ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ።

ሰውየው መቀሱን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምነው ልጄ፣ በባዶ እግርህ? ጫማህን በእጅህ ይዘህ?»

እጄን አየሁ። የኔ ጫማ አልነበረም።

«ስፒከሩ...» አልኩ።

«ስፒከሩ ምን ሆነ?»

አዳመጥኩ። በግራም በቀኝም ጥርት ብሎ ይጮኻል። የሚመታ ነገር አልነበረም።

«ምንም። ደህና ነው» አልኩት።

ከዚያ በሩ ላይ፣ ጫማውን እንደያዝኩ፣ እስከ መጨረሻዋ ቆሜ ሰማኋት። አሁንም አልወደድኳትም።