ሦስቴ ቁም ተብሎ

ከሶዶ በተሳፈርንበት አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ያለውን ፖሊስ ያዋሩታል።

«ሰው ላይ ተኩሰህ ታውቃለህ፣ አስር አለቃ?»

«አንዴ። የከብት ሌባ ስንፈልግ አንዱ ከእንሰቱ ውስጥ ወጥቶ ሮጠ። ተኩሼ ገደልኩት።»

«ሌባው ነበር?»

«አልነበረም፣ አባቴ። ፈርቶ ነው።»

«ቁም አላልከውም?»

«ሦስቴ ብዬዋለሁ። መዝገቡም እንደዚያ ይላል፤ ሦስቴ ቁም ተብሎ እምቢ አለ።»

«ታዲያስ?»

«ባማርኛ ነዋ ያልኩት። እሱ አማርኛ አያውቅም።»

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩት።

«ከዚያ ወዲህ ያገሬውን ቋንቋ ተምሬያለሁ» አለ ፖሊሱ።

«ደግ አደረግህ።»

«ምን ያደርጋል? ማን ቆሞ ያዋራኛል? ገና ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ።»

መውረጃዬ ሻንቶ ነበር፤ ስንደርስ ግን ሾፌሩን «አቁም» ማለት አቃተኝ።