በፎርፌ የተገኘ ዋንጫ

«አቦ ሃዎ፣ ሙቀቱ ዘንድሮ አልባሰብንም? እስቲ ወደ ቬንትሌተሩ ጠጋ በይ» አለች ዘርፈሽ ጓደኛዋን።

ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ጁስ ቤት ተቀምጠው በቴሌቪዥን የሴቶች ነጠላ የቴኒስ ፍጻሜ እያዩ ነው። ሜዳው ሳር፣ ተጫዋቾቹ ነጭ በነጭ። ከኋላቸው ደግሞ ባለፈው እሁድ የከተማውን ዋንጫ የወሰደችው ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ተቀምጣለች። ዘርፈሽ ስትገባ አይታታለች፤ እንዳላየች ሆናለች። ዋንጫው ያመለጣት የእህቷ ልጅ ኑሀሚን ከዚያ ወዲህ ራኬቷን አልጋ ሥር ወርውራ ከቤት አልወጣችም።

«ሳሩን አየሽው? እዚህ ሐርላ ገጠር ቢሆን ፍየሎቹ ጨዋታው ሳይጀመር ይጨርሱት ነበር።… እኔን የገረመኝ ግን ልፋታቸው። ለዋንጫ ብሎ እንዲህ መሮጥ ምን ይሉታል? እኛ ዘንድ እኮ ላብ ጠብ ሳይላት፣ ቀሚሷ አቧራ ሳይነካው ዋንጫ የምታነሳ አለች! ስም አልጠራም… የሰው ዓይን እንዳይበላት።»

ሃዎ ሳቋን ልትውጥ ጭማቂዋ ላይ አቀረቀረች።

«ደግነቷስ? የኑሀሚን ስልክ ተሰብሮ አሠልጣኙ "ጨዋታው ወደ ጠዋት ዞሯል፤ ጎረቤትሽ ናት፣ ንገሪያት" ብሎ አደራ ቢሰጣት፣ ልጅቷን ከእንቅልፏ መቀስቀስ አሳዘናት። ወላሂ፣ እንዲህ ያለች ሆደ ቡቡ ከየት ትገኛለች?… የኔዋ ጅል ከሰዓት እያለከለከች ስትደርስ ፎርፌ ተብሏል። ያቺ ዋንጫውን አቅፋ ፎቶ እየተነሳች "ውይ፣ ረስቼው!" አለቻት። ምን ታድርግ? ትልቅ ተጫዋች ትንሽ ነገር አያስታውስም።»

ከኋላቸው ወሬው ቆመ። ዘርፈሽ አልዞረችም፤ ድምፅዋን ብቻ ከፍ አደረገች።

«አሁን ደግሞ ድሬን ወክላ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው። እዚያ ግን የሚገጥሟት ጎረቤቶቿ አይደሉም… ሁሉም ሰዓቱን ያውቃል። አንጀቴን በላችው! መጫወት ግድ ሊሆንባት ነው እኮ!»

ወንበር ተንቋቋ። ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ ወደ በሩ ስታመራ ዘርፈሽ ገና ያየቻት መስላ ብድግ አለች። እቅፍ አድርጋ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳመቻት።

«ውይ የኔ ቆንጆ፣ እዚህ ነበርሽ? በይ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። ሰው አገር ብቻሽን ነሽና… እግዜር በሄድሽበት ሁሉ ልክ እንዳንቺ ያለች ጎረቤት ይስጥሽ!»