እሺ ያላለው ይስሐቅ

«እሺ ብሏል ወይስ አላለም?» አሉኝ መምሬ ተክሌ፣ ውሃውን በቅል ይዘው በሩ ላይ ቆመው። «እኔ ሰው ያለ ፈቃዱ አላጠምቅም። አጠገቡ የዋልከው አንተ ነህ፤ ንገረኝ።»

እኔም ወደ ውስጥ አየሁ። ይስሐቅ መደቡ ላይ ተኝቷል። አንደበቱ ከትናንት ጀምሮ ተይዟል፣ ዓይኑ ግን ክፍት ነው። ይሰማል። ያን ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ።

ውጭ ደግሞ ሰዉ ቆሟል። ችቦ የያዘ አለ። በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ማንንም ብርሃን አልቸገረውም። ችቦው ለምን እንደተያዘ ሁላችንም እናውቃለን።

ቆይ። እንዲህ ከጀመርኩ አይገባችሁም። አንተ አማቼ፣ መምህሩ፣ ያን ቀን ጠይቀኸኝ ዝም አልኩህ አይደል? «አባባ፣ ሦስቱም አብርሃም አባታችን ይላሉ፤ ታዲያ ክርስትናና እስልምና አገር ሲሞሉ የኦሪቱ እምነት ለምን ጥቂት ሆኖ ቀረ?» አልከኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ዓለምንም አላውቅም። የማውቀው በጎባና በሮቤ መካከል ያለውን አንድ ተረተር ነው። በእኛ ጊዜ፣ በንጉሡ ጊዜ፣ እዚያ ተረተር ላይ ሦስቱም ነበሩ። የሆኑትንም አይቻለሁ። እና ልንገርህ፣ አንተ ጻፈው። ሌላው ቢቀር ስሙን ጻፈው። ይስሐቅ ነው። ጻፍከው? እሺ።

እኔ ስወለድ ሁሴን ነኝ። ወልደ ሚካኤል የምትሉኝ በኋላ የመጣ ነው። አባቴም እናቴም እስላም ነበሩ። ታዲያ መሬቱ ሲለካ፣ ያ ቀላድ የሚሉት ገመድ ሲመጣ፣ የአባቴ የገብስ ማሳ በአገረ ገዢው በግራዝማቹ ድርሻ ዋለ። ግራዝማች የሰሜን ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ አልዋሽባቸውም። ጠሩኝና፣ «ስማ ልጄ፣ ክርስትና ተነሣ። የክርስትና አባትህ እኔ እሆናለሁ። ከዚያ ወዲያ ማን ከማሳህ ያነሣሃል?» አሉኝ። እሺ አልኩ። ይኸው ነው፣ አንዲት ቃል ናት። ውሃ ፈሰሰብኝ፣ ማተብ ታሰረልኝ፣ ማሳው ቀረልኝ።

እናቴ ምን አደረገች መሰለህ? አልጮኸችም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ያረድኩትን አልበላችም። እስክትሞት አልበላችም። በዓል ሲመጣ የበግ እግር ይዤላት እሄዳለሁ፣ «እዚያ አስቀምጠው ልጄ» ትላለች፣ ስወጣ ለውሻ ትሰጠዋለች። እኔ አውቃለሁ። እንደማውቅም ታውቃለች።

በእኛ ተረተር ክርስትና የበዛው እንዲህ ነው። በልቡ አምኖ የገባ የለም አልልህም፣ አለ። እኔም ኋላ ኋላ ጾሙንም ቅዳሴውንም ወደድኩት። መጀመሪያ ያስገባኝ ግን ገብሱ ነው።

እስልምናው ደግሞ ሌላ ነው። ሼህ ኑሬ የሚባሉ የጊኒር ነጋዴ ነበሩ። ጨውና ጨርቅ በአህያ ጭነው ይመጣሉ። መሬት የሚሰጡበት እጅ የላቸውም፣ ጠመንጃም የላቸውም። ግን የሰው ቤት ገብተው ይቀመጣሉ፣ የታመመ ካለ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ጨዋታቸው በኦሮምኛ ነው። ከእኛ መንደር ሚስት አገቡ፣ እና የሚስታቸው ወንድሞች ሁሉ ዘመድ ሆኑ። ወደ ድሬ፣ ወደ ወሊዩ መቃብር፣ የሚወርድ መንገደኛ በደጃቸው ያልፋል፣ በልቶ ያድራል፣ የሩቅ አገር ወሬ ያወራል። ታዲያ ግብር ሲከብድ፣ ዳኛው ፊት ሲነሣው፣ ሰው የሚሄደው ወደ ሼሁ ግቢ ነው። መንግሥት የገፋው ሁሉ እዚያ ይጠጋል። ማንም ሳያስገድደው በራሱ እግር ይሄዳል።

ይስሐቅስ? ይስሐቅ ቀጥቃጭ ነው። በእኛ ቋንቋ ቱምቱ እንለዋለን። አያቱ የመጡት ከጎንደር፣ ከጦሩ ጋር ነው፣ ጦርና ጠመንጃ ሊያበጁ። ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ሰው ፈላሻ ይላቸው ነበር። በፊት ጥቂት ቤት ነበሩ አሉ። አንዱ ተጠመቀና ጎባ ገባ፣ አንዱ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ አንዱ ልጅ ሳይተካ ሞተ። እኔ ሳውቅ የቀሩት ይስሐቅ፣ ሚስቱ ትርንጎና ልጃቸው አስቴር ብቻ ናቸው።

ማረሻዬ ሲዶለዱም እሱ ጋ እሄዳለሁ። እጅ በእጅ አይቀበለኝም። ደጁ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እኔ እዚያ ላይ አኖርና ወደ ኋላ እላለሁ፣ እሱ መጥቶ ያነሣል። ሲጨርስም እዚያው ያኖረዋል፣ እኔ አነሣለሁ። ያን ሁሉ ዓመት እጄ እጁን ነክቶት አያውቅም። ከገበያ ሲመለስ ሻያ ወንዝ ወርዶ ገላውንም ልብሱንም ሳያጥብ ቤቱ አይገባም። በባሌ ብርድ! ያ ከሳኔቲ ተራራ የሚወርደው ነፋስ አጥንት እየሰበረ! አንድ ቀን እየተንቀጠቀጠ ከወንዙ ሲወጣ አገኘሁትና ሳቅኩበት።

«አያ ይስሐቅ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነክተህ ነው?»

«አንተን የመሰለ።»

«እና እኔ ቆሻሻ ነኝ?»

«አይደለህም። ሕጉ ነው። ከሰዉ ጋር ተደባልቀን ምን ይቀረናል?»

«ወደ እናንተ ልግባ ብልስ?»

ሳቀ። ይስሐቅ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። «አንተ ሰውዬ አንዴ ገብተህ የለም እንዴ? ስንት ቤት ልትዞር ነው?» አለኝ። ከዚያ ሳቁን ተወው። «የእኛ ቤት ሰው አይጠራም፣ ሁሴን። የመጣውንም ቶሎ አያስገባም። የምንሰጠው መሬት የለን፣ የምንድርለት ዘመድ የለን። ያለን ሰንበት ነው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ እና የሰው ሐሜት ነው። ለዚህ ብሎ ማን ይመጣል?»

ሁሴን ነበር የሚለኝ። ከተጠመቅኩ ወዲህ ከእናቴ ሌላ ሁሴን የሚለኝ ሰው ያኔ እሱ ብቻ ነበር። ሼህ ኑሬ እንኳ በግራዝማቹ ፊት ወልደ ሚካኤል ይሉኛል። «እናትህ ያወጣችልህ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ ብዬ ልለውጠው?» ይላል ይስሐቅ።

ከቤታቸው ጀርባ አንዲት ትንሽ ጎጆ ነበረች። ሴት በወሯ ጊዜ ሰባት ቀን የምትቀመጥባት ናት፣ ሕጋቸው ነው፣ ዙሪያዋን ድንጋይ ተደርድሯል። እኛ ደግሞ ምን አልን? «ቡዳ ናቸው፤ ሴትየዋ እዚያ ትገባና ጅብ ሆና ትወጣለች» አልን። አልን ነው የምልህ። እኔም ብያለሁ። ማረሻዬን በእጁ አሠርቼ፣ በዚያው አርሼ፣ ገብሱን በልቼ፣ በዚያው አፌ ብያለሁ። ክርስቲያኑና እስላሙ አንዱ ያረደውን አንዱ አይበላም፣ በዚህ ወሬ ላይ ግን ማዕዳችን አንድ ነበር።

ታዲያ የልጆች ትኩሳት የገባበት ዓመት መጣ። የቃሲም ወንድ ልጅ ሞተ። የደምሴ ሴት ልጅ ሞተች። ቃሲም እስላም ነው፣ ደምሴ ክርስቲያን ነው፣ በግጦሽ ተካስሰው ስንት ዓመት ሰላም አይባባሉም። ያኔ ግን ተገናኙ። «ቱምቱው ነው ልጄን የበላው» ይላል አንዱ። «እኔስ ብዬህ አልነበር?» ይላል ሌላው። ይስሐቅ ራሱ በደረቱ ሕመም ከመደብ መነሣት ካቃተው ወር ሆኖታል፤ ያን ማንም አይቆጥረውም።

ወደ ግራዝማች ሮጥኩ። «ጌታዬ፣ ሊያቃጥሏቸው ነው» አልኩ።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ይጠመቅ። ከተጠመቀ የክርስቲያን ቤት ነው፣ የሚነካውን አስረዋለሁ። ካልተጠመቀ ግን በየትኛው አፌ ነው ልጅ የሞተበትን ሰው ተው የምለው?»

ይስሐቅ ቤት ስመለስ ሼህ ኑሬ እዚያ ናቸው። ደህና ሰው ናቸው፣ ሊያድኑት ነው የመጡት። መደቡ ሥር ተቀምጠው ይለምኑታል። «ይስሐቅ ወንድሜ፣ ሸሃዳዋን በል፣ የምታሰልም አንዲት ቃል ናት። ስትሞት እኛ አጥበን፣ ሰግደን እንቀብርሃለን። ደግሞ ይስሐቅ የእኛም ነቢይ ነው፣ ስምህን እንኳ አትለውጥም!»

ይስሐቅ ያን ጊዜ ገና ይናገራል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። «ስሙ ይቀራል፣ ባለቤቱ ይሄዳል። አይሆንም ሼህ።»

ሼሁ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሁሴን፣ አንተ እሺ ማለት ትችልበታለህ፣ እኔ አልቻልኩበትም። አንድ ነገር ብቻ አደራ። በሌላ ስም እንዳይቀብሩኝ። ከሻያ በላይ የትም ቆፍርና አኑረኝ።»

«እሺ» አልኩት። እሱንም እሺ አልኩት። ማታውን አንደበቱ ተያዘ።

በማግሥቱ ነው እንግዲህ መምሬ ተክሌ በቅል ውሃ ይዘው በሩ ላይ የቆሙት። ግራዝማች ናቸው የላኳቸው። ቃሲምና ደምሴ ከኋላቸው ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ችቦውን ደምሴ ይዞታል፣ ነፋሱ እንዳያጠፋው ቃሲም በጋቢው ይከልልለታል። በዓይኔ ነው ያየሁት። ትርንጎ ጥጉ ላይ የአስቴርን እጅ ይዛ ቆማለች። ችቦውን ታያለች፣ ልጇን ታያለች። እኔን አታየኝም።

«እሺ ብሏል ወይስ አላለም?»

«ብሏል» አልኩ።

«በራሱ አንደበት?»

«በራሱ አንደበት። ሳይያዝ በፊት።»

መምሬ አመኑኝ። ለምን አያምኑኝ? ብዙ የማላወራ ሰው ነኝ፣ ውሸቴን ሰው አያውቀውም። ገቡና ጸሎቱን ጀመሩ። «ክርስትና አባቱ ማን ነው?» አሉ። ሌላ ማን አለ? እኔ ነኝ። «እጁን ያዝለት» አሉኝ።

ያዝኩት። ይስሐቅን የነካሁት ያን ቀን ነው። እጁ እንደ ቀንድ ደርቋል፣ እሳት ያቃጠለው እጅ ነው። ሊያስለቅቀኝ ሞከረ። አቅም አልነበረውም፣ ጣቱ ብቻ ተንቀሳቀሰ። መምሬ «ገብረ መድኅን» አሉት፣ ውሃውን አፈሰሱት። ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። አልጨፈነም።

ውጭ እልል ተባለ። እነዚያው ሊያቃጥሉ የመጡት ናቸው እልል ያሉት። ደምሴ ችቦውን መሬት ላይ አሽቶ አጠፋው። በማግሥቱ ይስሐቅ ሞተ፣ እና ሰዉ ወጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በወግ ቀበረው። ቃሲም እንኳ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ሸኘው። ገብረ መድኅን፣ ገብረ መድኅን እየተባለ።

ሼህ ኑሬ ገበያ ላይ አገኙኝ። «እሺ ብሏል ማለትህን ሰማሁ» አሉኝ። «እኔም እዚያ ነበርኩ፣ አላለም። መዋሸትህ ካልቀረ ለምን ወደ እኔ አልዋሸህም? ስሙ ይተርፈው ነበር።»

«ሼህ ኑሬ፣ እርስዎ እስላም ሆኗል ቢሉ ችቦው ይጠፋ ነበር?»

«አይጠፋም ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲያ አላነሡብኝም።

ይኸው ነው መምህር። አንተ በመጽሐፍ ሌላ ምክንያት ይኖርሃል። ምን አልክ? አዎ፣ እነሱም ራሳቸውን ዘግተዋል፣ እውነት ነው። ግን አንዱ ጋ ማሳና ጠመንጃ ነበረ፣ አንዱ ጋ ዘመድና መጠጊያ ነበረ፣ እነሱ ጋ እምቢ ማለት ብቻ ነበረ። እምቢ ያለ ሰው አንድ ቀን አንደበቱ ይያዛል። ያን ጊዜ እንደ እኔ ያለ ሰው ይመጣና እሺ ይልለታል።

ትርንጎና አስቴር ሬሳውን ነክተው ነበርና ሰባት ቀን በዚያች ትንሽ ጎጆ ተቀመጡ፣ እንደ ሕጋቸው። የክርስቲያን ቤት ነው ተብሏልና ማንም አልነካቸውም። በስምንተኛው ቀን ሻያ ወርደው ታጠቡ። እኔ ቆሎ ቋጥሬ ሄድኩ። ለትርንጎ እጅ በእጅ ልሰጣት አልደፈርኩም፣ ድንጋይ ላይ አኖርኩና ወደ ኋላ አልኩ። አነሣችው። ዕቃቸው በአንዲት አህያ ተጭኗል። በዲንሾ በኩል ወጥተው፣ ከዚያ እየጠየቁ፣ እስከ ጎንደር።

«ቀየምሽኝ?» አልኳት።

«ልጄ ቆማ ትሄዳለች» አለች። ወደ አስቴር አየች። «እኔም እዚያ ቆሜ ነበር። ዋሸህ ማለት እችል ነበር፣ አላልኩም።» አህያዋን ነካች። ከዚያ ቆመች። «ግን እሱ እሺ አላለም።»

«አላለም» አልኩ።

«ይህን የምናውቅ እኛ ነን። እኛ ደግሞ መንገደኞች ነን፣ ምን እንደሚያገኘን እንጃ። መቃብሩ ላይ የሚጠሩት የሌላ ሰው ስም ነው። እዚህ የምትቀር አንተ ነህ። ሁሴን፣ ቶሎ እንዳትሞት።»