«ቤቶች» ሳይሉ መግባት

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣት አስተማሪና በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አስተማሪዋ ስልኳን በንዴት ትነካካለች።

«ምነው ልጄ፣ ማን አስቆጣሽ?»

«የማላውቀው ሰው ነው፣ እማማ። ፌስቡክ ላይ ብሎክ አደረግሁት፤ በሌላ ስም ተመልሶ ይከታተለኛል። ይኸው ሦስተኛ ስሙ ነው።»

«ምን ፈልጎ ነው?»

«እንጃ። ምንም አይናገርም። ፎቶዬን እየወሰደ ያስቀምጣል። ትናንትማ ከተማሪዎቼ ጋር የተነሳሁትን የራሱ ገጽ ላይ ለጠፈው።»

«ሳያስፈቅድሽ?»

«ሳያስፈቅደኝ።»

«ኧረ ነውር ነው! እኛ ዘንድ ዘመድ እንኳ አጥር ላይ ቆሞ ‹ቤቶች!› ይላል። ውሻው ተይዞለት ‹ግባ› ካልተባለ አይገባም።»

«ይሄኛው ግን ገብቶ ተቀምጧል፣ እማማ።»

እናትየው ማንኩሳን ካለፍን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የእኔም ልጅ ስልኩ ላይ የአንዲት ልጅ ፎቶ አለ። ብዙ ነው፤ ሲያይ ነው የሚውል። ‹ሙሽራህ ታምራለች› ስለው ይስቃል። እኔም ለቀሚሷ ጥጥ መፍተል ጀምሬያለሁ።»

«ልጅቷ ታውቀዋለች?»

«እሱን አልጠየቅሁትም።»

«ይጠይቁት፣ እማማ። ስለ እሷ ብለው ይጠይቁት።»

«ዛሬውኑ እጠይቀዋለሁ። የማታውቀው ከሆነማ፣ እኔስ ለማን ነው የምፈትለው?»

ወሬያቸውን ለመስማት ወደ ፊት አስግጌው የነበረውን አንገቴን ቀስ ብዬ መለስኩና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።