የሀምዲያ ጀሪካን ጭስ

አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ። ተቀመጡ፣ ሩዙ አይሸሽም። አቶ ደሬሳ ማይኩን ለሹፌር ሲሰጡ ምን አስበው እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ። እኔ አንዴ ከተነሳሁ መንገድ ላይ እንደማልቆም ሥራ አስኪያጃችን ናቸውና ሳይሰሙ አልቀሩም። እትዬ ሙሉ፣ አንቺ አትነሺ። ዛሬ መሸኛሽ ነው፤ ሥራሽ ቁጭ ብሎ መስማት ነው። ከዋሸሁ እጅሽን አውጪ፤ እውነት ከተናገርኩ ግን ዝም በይልኝ።

እትዬ ሙሉመቤት ወደዚህ የወተት ማኅበር የመጣችበትን ጠዋት የምናስታውስ ሰዎች ቀንሰናል። ስለዚህ ለአዲሶቹ ልንገራችሁ። ዘመኑ ሁለት ሺህ አስራ አንድ ነው። የካራማራ ተራራ ጭጋጉን ተከናንቦ ገና አልነቃም። እኔ ከአውበሬ የግመል ወተት ጭኜ ገብቻለሁ፤ ወተቱን የሚያቀርቡት እናቶችም ከመኪናው ወርደው ጀሪካናቸውን ይዘው በር ላይ ተሰልፈዋል። አንዲት ባጃጅ ቆመችና ሻንጣ የያዘች ሴትዮ ወረደች። ከቢሾፍቱ የወተት ፋብሪካ የመጣች የጥራት ባለሙያ ናት ተባለ። ሻይ ቅመሺ ብንላት "በኋላ" አለች። ከሻንጣዋ ነጭ ጋውን አውጥታ ለበሰችና የመጀመሪያውን ጀሪካን ከፈተች። አሸተተች። ፊቷን አዞረች። ተመልሳ አሸተተች።

"ተቃጥሏል" አለች።

"ምኑ?" አልኳት።

"ወይ ወተቱ ወይ ጀሪካኑ። አንዱ ተቃጥሏል።"

ሁለተኛውን ከፈተች፣ ተቃጥሏል። ሦስተኛውም ተቃጥሏል። እንዲህ እያለች ሰልፉን ጨረሰችና ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ሹፌር፣ የመኪናህ ጭስ ማውጫ ወደ ውስጥ ነው እንዴ የሚያወጣው?"

የመጀመሪያው ጀሪካን የሀምዲያ ነበር። ያቻትላችሁ፣ እዚያ ጥግ ሕፃን አቅፋ የተቀመጠችው፣ የአውበሬ እናቶች አለቃ። ሀምዲያ "ጀዕፈር፣ ይህች ሴትዮ ምን ትላለች?" አለችኝ። በሶማልኛ አስተረጎምኩላት። ሳቋ እስኪያልፍ ጠበቅን። ከዚያ "አባዮ" አለቻት፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ "እኛ ነን በእንጨት ጭስ ያጠንነው። ካላጠንነው ወተቱ በዚህ ፀሐይ መች ጅጅጋ ይደርሳል?"

"ማጠንማ እኔም አውቃለሁ" አለች እትዬ ሙሉ። "እናቴ በወይራ ታጥን ነበር። ይሄ ግን ጎማ የተቃጠለበት ነው።"

"እኔም የእናትሽን ወይራ ባሸት ምን እንደምል አላህ ያውቃል" አለቻት ሀምዲያ።

ወተቱ በመመርመሪያው ሲታይ ደህና ሆነ። እትዬ ሙሉ ቃሏን መልሳ አንድ ኩባያ ጠጣች፣ ከንፈሯን ጠረገች፣ "ይለመዳል" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢው ውስጥ ስሟ "ተቃጥሏል" ሆነ። ከኋላዋ ማለቴ ነው። አሁን ግን ከፊቷ ተናገርኩት፤ ጡረታ ወጥታለች፣ ምን ታደርገኛለች?

ያ አፍንጫ ስንቱን አሸበረ መሰላችሁ። ጠዋት መኪናዬ ውስጥ ገብታ ገና ቀበቶ ሳታስር "ትናንት ማታ ጫት የያዘ ማንን ነው የጫንከው?" ትለኛለች። አቶ ደሬሳ በስብሰባ መሀል "እኔ ሲጋራ ካቆምኩ ቆየሁ" ሲሉ ተነስታ መስኮቱን የከፈተችው ማን ናት? አቶ ደሬሳ፣ ይቅርታ፣ ማይኩን እርስዎ ነዎት የሰጡኝ። በኋላማ ዓይኗን ጨፍና ጀሪካን ስታሸት "ይሄ የሀምዲያ ነው፣ ይሄ የምራቷ የኢስራ ነው፣ ኢስራ ዛሬ እንጨቷ እርጥብ ነበር" እስከማለት ደረሰች። እናቶቹ አንዳንዴ ጀሪካን ለዋውጠው ይፈትኗት ነበር። አንድም ቀን አላታለሏትም።

ከዚያ ኮቪድ መጣ።

እትዬ ሙሉ ታመመች፣ በቤቷ ተኛች፣ ሆስፒታል ሳትገባ አለፈላት። ምርመራው ነጻ አላት። እኛም ነጻ ከተባለች አበቃ ብለን ደስ አለን። ሥራ የገባች ቀን የቢሮውን ደረጃ እኩሌታ ወጥታ ተቀመጠች። "ጀዕፈር፣ ይህን ደረጃ አስረዘሙት እንዴ?" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ስታለከልክ ሳይ ሳቄን ተውኩ።

ወደ ሰልፉ ሄደች። ሀምዲያ ጀሪካኗን ከፈተችላት። እትዬ ሙሉ ጎንበስ አለች፣ ቆየች፣ በጣም ቆየች።

"ምንም የለም" አለች።

"ወተት የለም?" አለች ሀምዲያ ደንግጣ።

"ወተቱማ አለ። እኔ ነኝ የሌለሁት።"

ያ ጊዜ ለእኔ እንደ ህልም ነው የሚታየኝ። በሩ አጠገብ ካለው ግራር ሥር ወንበር አወጣንላት። ጭጋጉ ከካራማራ ወርዶ ግቢውን ይሞላል፣ ነጭ ጋውኗ ጭጋጉ ውስጥ ይጠፋና ድምፅዋ ብቻ ይሰማል። ዓረፍተ ነገር ትጀምራለች፤ ቃሉ መሀል ላይ ጥሏት ይሄዳል። እሷም የሄደው ቃል የሚመለስ ይመስል ወደ በሩ ታያለች። አንድ ጠዋት ክዳን የሚለው ቃል ጠፋባት። "ያንን... ያንን የጀሪካኑን ባርኔጣ ክፈቱልኝ" አለች። ማንም አልሳቀባትም፤ ኢስራ ባርኔጣውን ከፈተች። ይኸው እስከ ዛሬ በዚህ ግቢ ክዳን የሚባል ነገር የለም። አዲስ የተቀጠረ ሰው ባርኔጣ አምጣ ሲባል ራሱን ይዳብሳል።

ሁላችንም በየጠዋቱ "ተሻለሽ?" እንላታለን። "ደህና ነኝ" ትላለች። አንድ ቀን ግን መኪና ውስጥ "ጀዕፈር፣ ደህና አይደለሁም" አለችኝ። "ልቤ ተቀምጬ ይሮጣል። ተኝቼ እነሳለሁ፣ ድካሙ ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ ይጠብቀኛል። ሰው ግን ድነሻል ይለኛል፤ ሲለኝ ደግሞ የዋሸሁ ይመስለኛል።" መስኮቱን ዝቅ አደረግሁላት።

ቀስ እያለ አፍንጫዋ መመለስ ጀመረ፤ ግን ተጣሞ ነው የተመለሰው። ቡና ነዳጅ ነዳጅ አላት፣ ሽንኩርት ነዳጅ ሆነ፣ ሳሙናዋም ነዳጅ ሆነ። ምግብ ዘጋት፣ ጋውኑ ሰፋት። "ጀዕፈር፣ ዓለም በሙሉ መኪናህን መሰለ" አለችኝ። ይህን የተናገረችው እየሳቀች ስለነበር ቀልዷ እንዳልጠፋ አወቅሁ፤ እኔን ያጽናናኝ እሱ ነው። ከዚያ ነዳጁም ጠፋ፤ እንደ መጀመሪያው ባዶ ሆነ።

የኤረር ፍል ውሃ ይረዳል ያላት ሰው ነበር። ወሰድኳት። በድሬዳዋ ስናልፍ ልጇ እስከዳር ቤት ገባን፤ እስከዳር በዚያ ሰሞን ሮዛን ወልዳ ነበር። እትዬ ሙሉ ሕፃኗን ታቀፈች። አፍንጫዋን አናቷ ላይ አደረገችና እንደዚያው ቀረች። ከዚያ ለእናቷ መለሰቻት። ኤረር ደርሰን እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ ተቀመጠች፤ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ዓይኗን ጨፍናለች፣ የተኛች መስሎኛል።

"ልጅቷ ምንም አትሸትም" አለችኝ። "ፎቶ ያቀፍኩ ነው የመሰለኝ።"

እኔ ሹፌር ነኝ። "እትዬ ሙሉ፣ በይ ታጠቢ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል" አልኳት። የኤረር ፍል ውሃ ቀዝቅዞ አያውቅም። እሷም ዓይኗን ገልጣ አየችኝ፤ አንድ ላይ ሳቅን፣ ከዚያ እሷ አለቀሰች፣ እኔ ደግሞ ወደ መኪናው ሄጄ ጎማውን ረገጥ ረገጥ አደረግሁ።

እንደተመለስን አቶ ደሬሳ ቢሮ ገባች። "አፍንጫ ከሌለኝ እዚህ ምን እሠራለሁ? ልሂድ" አለች። አቶ ደሬሳም ከልባቸው አዝነው መጋዘን ልመድብሽ አሏት። ይህን ወሬ ለሀምዲያ ያደረሰው ማን እንደሆነ አትጠይቁ፤ ወተት የሚያመላልሰው ሰው ወሬም ያመላልሳል።

በማግስቱ ጠዋት እናቶቹ እንደወትሮው ተሰለፉ። ሀምዲያ ግን ጀሪካኗን ለእትዬ ሙሉ አላቀረበችም፤ ዞራ ከኋላዋ ላለችው ለኢስራ ከፈተችላት። ኢስራም ከኋላዋ ላለችው። "አባዮ" አለች ሀምዲያ፣ "የራሷን ወተት ማንም አታሸትም፣ የጎረቤቷን ታሸታለች። አንቺ ዓይንሽ ደህና ነው። ፊታችንን እይ።"

እንዲህ ተጀመረ። ዛሬ ሌሎች ማኅበራት መጥተው የሚጠይቁን የጎረቤት ማሽተት ከዚያ ጠዋት የመጣ ነው። እትዬ ሙሉ ወተት በሰው ፊት ላይ ማንበብ ለመደች። አንድ ቀን ኢስራ የሀምዲያን ጀሪካን አሽትታ "ደህና ነው" አለች። አማቷ ናት፣ ምን ትበል? እትዬ ሙሉ ግን "ኢስራዬ፣ አፍሽ ደህና ነው ብሏል፤ አፍንጫሽ ግን ወደ አውበሬ ተመልሷል" አለቻት። ሀምዲያ ራሷ አሸተተችው። ወተቱ ተበላሽቷል። ስቃ ደፋችው፣ ምራቷንም አላኮረፈቻትም።

መንገድ ላይ ደግሞ እኔን ትፈትነኛለች። "አሁን ምን ይሸታል?"

"አፈር።"

"ምን ዓይነት አፈር?"

"እርጥብ።"

"አንተ፣ አፍንጫ በከንቱ ነው የተሰጠህ። እስቲ ደህና አድርገህ አሽትት።"

መኪናውን አቁሜ አሸትታለሁ። በስተሰሜን ዝናብ ጥሏል፣ ግመሎች አልፈዋል፣ አንድ ሰው ሩቅ ቦታ እንጨት አንድዷል። እያሸተትኩ እነግራታለሁ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ያንን መንገድ ስንት ዘመን ነድቼዋለሁ፤ እንደሚሸት አላውቅም ነበር። እትዬ ሙሉ፣ ይህን ነግሬሽ አላውቅም፣ ዛሬ ይሰማ። አንቺ ባጣሽው ነው እኔ ያገኘሁት። አመሰግናለሁ።

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። እሷ ተስፋ ቆርጣ ነበር፤ እኛም በውስጣችን ቆርጠን ነበር። ጭጋግ ነው፣ ሰልፉ ሞልቷል፣ ኢስራ የሀምዲያን ጀሪካን አሽትታ በአዎንታ ራሷን ነቅንቃለች። እትዬ ሙሉ ፊቷን አይታ አለፈች። ሁለት ሰው ካለፈች በኋላ ቆመች። ተመለሰች። ጀሪካኑ ላይ ጎንበስ አለች።

"ተቃጥሏል" አለች፣ ቀስ ብላ።

"ኧረ ደህና ነው" አለች ኢስራ፣ "ወላሂ፣ ዛሬስ እውነቴን ነው።"

"አይደለም። ተቃጥሏል።" እንባዋ በአገጯ ይወርዳል።

ቀድማ የገባት ሀምዲያ ናት። ባርኔጣውን ደረቷ ላይ አድርጋ "አልሐምዱሊላህ" አለች። እኔ የመኪናዬን ሞተር አጠፋሁ፤ ጭሱ እንዳይቀላቀልባት ብዬ ነው። ያ ገና የመጣች ዕለት ያባረረችው ሽታ፣ ከሁሉ ቀድሞ እሷ ጋ የተመለሰው እሱ ሆነ።

ሁሉም አልተመለሰም። እንዳላሳምረው። ቡና ዛሬም አያስደስታትም፣ ደረጃውን ቆም እያለች ትወጣለች፣ ከምሳ በኋላ ካልተኛች ቃላቱ ይሸሿታል። እኛ ግን ቀስ ማለትን ተምረናል። ስብሰባ ላይ ዓረፍተ ነገር ሲያመልጣት ሁላችንም ወደ በሩ እናያለን፣ እስኪመለስ እንጠብቃለን። ነገ ወንበሩ ባዶ ነው። ቃል የጠፋበት ሰው ሲኖር ማን ጋ እንደምንሄድ አላውቅም፤ ታገሡኝ፣ ውሃ ልጎንጭ።

እትዬ ሙሉ፣ ድሬዳዋ ልጅሽ ጋ ልትኖሪ ነው። ባለፈው ሰሞን መኪና ውስጥ ስለ ሮዛ ጠይቄሽ ነበር። "ጠረኗ እስካሁን አልመጣልኝም" አልሽ። "አድጋለች፣ ታወራለች፣ ትስመኛለች። ጠረኗን ግን አላውቀውም።" እኔ እንደለመድኩት ወሬውን ለሀምዲያ አደረስኩ፤ እስከዳርም ለዛሬው ሮዛን ይዛልን መጣች።

ብርጭቋችሁን አንሱ። የጠዋቱ የግመል ወተት ነው፤ ጾም እንዳይሆን ቀኑን አይተን ነው የመረጥነው። አላህ ዕድሜ ይስጥሽ፣ እመቤቴ ትጠብቅሽ፤ ሁለቱንም ያልኩት አንዱ ቢዘገይ ሌላው እንዲደርስልሽ ነው። ትንፋሽሽ ይርዘም፣ እንቅልፍሽ ይጣፍጥ፣ የሄደው ቃል ሁሉ ቤትሽን እየጠየቀ ይመለስ። ከመጠጣታችን በፊት ግን አንድ ነገር ቀርቷል።

ሀምዲያ ትናንት ማታ ጀሪካን ስታጥን የራሷን ጋርባሳር፣ ያንን ትልቁን ሻሽ፣ ጭሱ ላይ ዘርግታ አሳደረችው። ሮዛ ከጠዋት ጀምሮ በእሱ ተጠቅልላ እቅፏ ውስጥ ናት፤ አሁንማ እንቅልፍ ወስዷታል። ሀምዲያ፣ አምጪያት። ቀስ በይ፣ እንዳትነቃ።

ተቀበያት፣ እትዬ ሙሉ። አናቷን አሽቺውና ያንን የመጀመሪያ ቀን ቃልሽን በይልን። እኛ ብርጭቋችንን ይዘን እንጠብቃለን።